የቀረችው «ኛ»

ቦርሳውን ያመጣልኝ ወንድሜ ካሳ ነው። የእህታችን የአስካለ አርባ ከተዘከረ በኋላ ዛሪማ ያለውን ቤቷን ሲያጸዳ፣ ልብሷን ለነዳያን፣ ዕቃዋን ለጎረቤት ሰጥቶ ይህን ግን ለማን እንደሚሰጠው ቢጨንቀው በነጠላ ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ላይ ከጭኑ ሳያወርደው ጎንደር ድረስ ይዞልኝ መጣ። ድሮ ጥቁር የነበረ፣ ዛሬ ጥቁርም ቡኒም ያልሆነ የቆዳ ቦርሳ ነው፤ ማንገቻው በጫማ ሰፊ ክር ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል፤ መቆለፊያው ሲከፈት ያንኑ የጥንቱን ድምፅ «ቷ» ይላል። ስከፍተው ሽታው ወጣ፤ አልኮል፣ ነጭ ሳሙና፣ ተቀቅሎ የደረቀ ጨርቅ። ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ አፍንጫዬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ብቀር ካሳ ደንግጦ «ምነው እቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ቁስቋም፣ አባቴ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር።

ቤታችን ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ የጓሮው ካብ ደብሩን ከተከሉት እቴጌ የፈረሰ ግንብ በተለቀመ ድንጋይ የተካበ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣራው እዚህም እዚያም የሚያንጠባጥብ የቄስ ቤት ነበር። እናቴ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ተድራ፣ አስካለን ገና ልጅ ሳለች ወልዳ፣ ከእሷ በኋላ ሦስት ቀብራ እኔን ያገኘች ሴት ናት፤ ስለዚህ በእኔና በእህቴ መካከል አሥራ ሁለት ዓመትና ሦስት ትንንሽ መቃብሮች ነበሩ። እኔ እሷን «እታለም» እያልኩ ነው ያደግሁት። እናቴ ገበያ ስትወርድ የምታዝለኝ እሷ፣ ራሴን የምታጥበኝ እሷ፣ ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። ከደጃፋችን አፈር ላይ በእንጨት እየጻፈች ታስጠራኛለች፤ «ነ»ን እና «ኘ»ን መለየት አቅቶኝ ሳለቅስ «የምን ለቅሶ ነው፤ ‹ኘ› ማለት እኮ ‹ነ› ቆብ ስትደፋ ነው» አለችኝና ከዚያ ወዲያ ተሳስቼ አላውቅም። ማለቴ፣ ከአንድ ቀን በስተቀር።

ትምህርቷን እንደገፋች፣ ገጠሩን በየቤቱ እየዞሩ የሚያክሙና ሴቶችን የሚያዋልዱ ልጃገረዶች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት በከተማችን ተከፍቷል ሲባል ሰማችና አባቴ ፊት ተንበርክካ ፈቃድ ጠየቀች። አባቴ ለሦስት ሳምንት መልስ አልሰጡም። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ አራስ ቤት የገባ ሰው ጠበል ሳይረጭ ከሚቀድስ ካህን ጋር ገበታ አይቀርብም፤ ልጃቸው ደግሞ ልትማር የፈለገችው ከአራስ ቤት አራስ ቤት መዞርን ነበር። በመጨረሻ እናቴ፣ አባቴ ባሉበት ብዙ የማትናገረው እናቴ፣ ከጓዳ ብቅ ብላ «ሦስት ስቀብር እኮ ጠበሉ አልጎደለም፤ የጎደለው የሚያውቅ ሰው ነው» አለች። አባቴ ዝም አሉ። የአባቴ ዝምታ ፈቃድ ነበር። ከዚያ ወዲህ አስካለ ስታዋልድ ውላ ስትመጣ በር ላይ አቁመው ጠበል ይረጩባታል፤ እሷም ምጥ ቤት ከመግባቷ በፊት እስከ ክርኗ ድረስ በሳሙና ስለምትታጠብ፣ እናቴ «ስትገቢም ውሃ፣ ስትወጪም ውሃ፤ ሟሙተሽ ልታልቂብኝ ነው» እያለች ትስቅባት ነበር።

ሰፈሩማ መች ለቀቃት! «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ለእሷ ተብሎ የተተረተ እስኪመስል ባለፈችበት ሁሉ ይወረወርባታል። በተረቱ ከሁሉ የሚብሱት የሰፈራችን አዋላጅ እማማ ብርቄ ነበሩ፤ አስካለንም እኔንም ከእናታችን ሆድ የተቀበሉን፣ ጣታቸው ረጅም፣ ምላሳቸው ከጣታቸው የረዘመ ባልቴት። አስካለ መቀስና ክር በድስት ስትቀቅል ቢያዩ «ጨውስ አይበዛበት ይሆን?» ብለው ሰፈር አሳቁባት። እትብት ላይ ቅቤ አይደረግም ስትላቸውም «አንቺን ራስሽን በቅቤ አይደል እንዴ ያቆምኩሽ!» አሏት። በኋላ ግን አንዲት ጎረቤታችን ወልዳ ደሟ አልቆም ብሎ፣ እማማ ብርቄም የሚያውቁትን ሁሉ አድርገው እጃቸው ሲዝል፣ አስካለ ከቦርሳዋ አንዲት ብልቃጥ አውጥታ በአንድ መርፌ ስታቆምላት ቁጭ ብለው አዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምጥ ሲጠሩ መንገዳቸውን በእኛ በር በኩል አደረጉ። መቀሱንም ራሳቸው ይቀቅሉት ነበር፤ ቀልዱን ግን አልተዉትም።

ትምህርቷን ስትጨርስ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ነጭ ቆብ፣ ይህን ቦርሳና «ሲስተር» የሚል መጠሪያ ይዛ ወጣች። የሰፈሩ ሰው ቆቡንና ስሙን አንድ ላይ ሲያየው የምንኩስና ማዕረግ መስሎት አባቴን «እንኳን ደስ አለዎት፣ መነኮሰችልዎት» ብሎ ደጃችን ድረስ የመጣ ነበር። «ሲስተር» በፈረንጅ አፍ እህት ማለት መሆኑን የነገረን አስተማሪያችን ነው፤ እኔም ይህን ስሰማ በጣም ተናደድኩ። እህትነቷ የእኔ ነበራ! አሁን ቀሐ ወንዝ ልብስ የምታጥበው ሴትዮም፣ ባለ ወፍጮውም፣ የማላውቀው ወታደርም እየተነሳ «ሲስተር፣ ሲስተር» ሊላት ነው። ቀኑን ሙሉ አኮረፍኳት። ማታ ቆቧን አውልቃ ራሴ ላይ ደፋችልኝና «አየሽ፣ አሁን አንቺም ‹ኘ› ሆንሽ» ብላ አሳቀችኝ።

ከዚያ ዛሪማ ተመደበች። ዛሪማ ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች፣ ከሰሜን ተራሮች ማዶ ያለ ሞቃት የመንገድ ከተማ ነው፤ ያኔ የሚያገናኘን ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እያቃሰተ የሚወጣና የሚወርድ የጭነት ማኪና ብቻ ነበር። አንደኛው ማኪና የሰፈራችን ልጅ የአያ ደሴ ነው፤ ከእሷ ደብዳቤና ሎሚ ያመጣልናል፣ ከእኛ በሶና ሰላምታ ይወስድላታል። ለመስቀል አንድ ሌሊት አድራ ተመለሰች። እናቴ ያን ጊዜ የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። ይህን እኔም አላውቅም፣ አስካለም አላወቀችም። ልጇ ለወግ ለማዕረግ ደርሳ ሳለ እናት ማርገዝ በእኛ ዘንድ ያሳፍራልና፣ እናቴ መቀነቷን ላላ፣ ጋቢዋን ጠበቅ አድርጋ፣ እንግዳ ባለበት ሁሉ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ያን አንድ ቀን አሳለፈችው። የዛሪማን ሴት ሁሉ ሆድ ከሩቅ አይታ ወሯን የምትነግር ልጅ የእናቷን ሆድ ሳታይ ሄደች።

አሁን ወደ ደብዳቤው መጣሁ። ሳልወድ ነው የመጣሁት።

ጥምቀት አልፎ፣ ታቦታቱ ከቀሐ ገብተው፣ ከተማው የደከመው ሰሞን ነበር። አያ ደሴ ለበዓሉ መጥቶ ሰንብቶ በማግሥቱ ሊወርድ ነው። ቤታችን ጌሾ ጌሾ ይሸታል፤ ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ ለአስተርዮ ማርያም፣ የሴቶቹ ማኅበር ጽዋ የሚጠጣው በእኛ ተራ ነበርና ጋኑ ታጥኖ ጠላው ተጥሏል። እናቴ ከጓሮ ጠራችኝ። ካቡን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ እማማ ብርቄ አጠገቧ ቁጭ ብለው ጌሾ ይለቅማሉ። «ደብተርሽንና ብዕርሽን አምጪ» አለችኝ። አባቴ ጸሐፊ ሰው ሆነው ሳለ እኔን መጥራቷ ያኔ አልገረመኝም፤ እንዲያውም ከክፍሌ በጽሕፈት አንደኛ ስለነበርኩ የሚገባኝ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ሰላምታውን በሙሉ እኔው ከራሴ ጻፍኩት። ቀጥላ እናቴ ወደ እማማ ብርቄ አየት አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንዲህ በይልኝ፤ ማርያም ቀርባኛለችና እንዳትቀሪብኝ» አለች።

በሰፈራችን ምጥ በስሙ አይጠራም። ብዙ ሰው ያወራው ምጥ ይረዝማል ይባላልና፣ ቀኗ የደረሰ ሴት «ማርያም ቀርባኛለች» ትላለች፤ ያወቀ ያውቅላታል። ይህን ዛሬ እናንተም አወቃችሁት። እኔ ግን ሴቶች ልጅ ባለበት የማይነጋገሩትን ነገር ከየት አውቄ! እኔ የማውቀው አባቴ ሲያነቡ የሰማሁትን ተአምር ነው፤ እመቤታችን የምትቀርበው በዋሻ ለዘጋ መናኝ፣ ለጻድቅ፣ ለሰማዕት ነው። ትናንት ዶሮዋ ጎመኔን በላችው ብላ ከጎረቤት የተጣላችው እናቴ ማርያም ቀረበችኝ ስትል ድፍረት መሰለኝ፤ በፈረንጅ ትምህርት ቤት ወረቀት ላይ ተጽፎ አስካለ ብታነበው በእናቴ የምትስቅ መሰለኝ። ደግሞስ የቀረበችው የሃያ አንዷ ማርያም አይደለችም እንዴ? ጠላው እዚያ ጋን ውስጥ እየፈላ አይደል? አረምኩላት። «ማርያም ቀርባለችና እንዳትቀሪ» ብዬ ጻፍኩ። ቆብ የደፋችዋን ፊደል ዘለልኳት፤ «ብኝ»ንም ለማሳጠር ተውኳት።

እናቴ ማንበብ አትችልም። «እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልኝ» አለችኝ። እንዳትቆጣኝ ብዬ፣ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳልነቅል፣ እሷ እንዳለችው አድርጌ፣ ያልጻፍኩትን «ኛ» ጨምሬ አነበብኩላት። «ሸጋ ነው፣ ተባረኪ» አለችኝ፤ ወረቀቱን ስማ አጠፈችና ለአያ ደሴ እንዳደርስ ሰጠችኝ። ቀሐ ድረስ እየዘለልኩ ነው የሄድኩት።

በአምስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ለምሳ ስመለስ ቤቱ በሴቶች ተሞልቶ አገኘሁት፤ እኔን ጎረቤት ቤት አስቀመጡኝ። ግድግዳ ለግድግዳ ነበርንና «ማርያም፣ ማርያም» የሚለውን የሴቶቹን ድምፅ እሰማለሁ። ትንሽ ቆይቶ እልልታ ሆነ፤ ቆጠርኩት፣ ሰባት ነው፣ በእኛ ሰፈር ሰባት እልልታ የወንድ ነው። ወንድም ተወለደልኝ ብዬ ብድግ አልኩ። ግን ከእልልታው በኋላ ሳቅና ጫጫታ ሊከተል ሲገባው ቤቱ ዝም አለ። ልጁ ሲወጣ የእንግዴ ልጁ ቀርቶ ነበር። ምናልባት ቢወጣ ብለው ባዶ ጠርሙስ አስነፏት፤ እማማ ብርቄ ሆዷን አሹላት፤ ደሙ ግን መፍሰሱን ቀጠለ። አባቴ ከደጅ ሆነው ሆስፒታል እንውሰዳት ቢሉ፣ የቄስ ሚስት ነኝ፣ ወንድ ሐኪም ገላዬን አያይም አለች። ከዚህ ቀጥላ ያለችውን እማማ ብርቄ እስኪሞቱ ድረስ በየለቅሶው ያወሩት ነበርና ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ፤ «ልጄ ትመጣለች፤ ልኬባታለሁ እኮ» ነበር ያለችው። በር በተንኳኳ ቁጥርም «አስካለ ናት?» ትል ነበር። በመጨረሻ አባቴ እሺ ትበል እምቢ ሳይሉ በአልጋ አሸክመው ወሰዷት፤ የቀሐን ወንዝ ሳትሻገር፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ መንገድ ላይ አረፈች።

አስካለ የመጣችው ቀብሩ ባለፈ በማግሥቱ፣ ሃያ ቀን፣ በአስተርዮ ማርያም ዋዜማ ነው። አያ ደሴ የማር ቆርቆሮ ተሸክሞላት ከኋላዋ ይመጣል፤ ለጽዋው ያመጣችው ማር ነው። ደጃችን ላይ የተቀመጠውን ሰው ከሩቅ አይታ ማኅበርተኛው ከዋዜማው የተሰበሰበ መስሏት ፈገግ እንዳለች ገባች። ያቺን ፈገግታ ከፊቷ ላይ ስትወርድ አይቻለሁ። ማንም አልነገራትም፤ የሴቶቹን የተላጨ ራስ፣ የአባቴን ጥቁር ልብስ አይታ ራሷ አወቀች። መሬት ላይ ትወድቃለች ብለው ሊይዟት ተነሡ። እሷ ግን ውሃና ሳሙና ጠየቀች። እስከ ክርኗ ድረስ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሥራ ቀኗ ታጠበች፤ ሰዉ «ምን ነካት?» እያለ አጉረመረመ። ከዚያ ሕፃኑን ከእማማ ብርቄ ተቀብላ፣ ፈትታ፣ እትብቱን አይታ፣ በቦርሳዋ ክር እንደገና አስራ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ መለሰችላቸው። ቦርሳዋንም ዘጋች፤ ያን ጊዜ ነው የጮኸችው።

ለቅሶው በረድ ሲል እማማ ብርቄ ደረታቸውን እየመቱ «ምነው አስካለ፣ ምነው ልጄ! ‹ማርያም ቀርባኛለች› ብላ ይቺው እየጻፈችላት ልካብሽ አልነበር? በጆሮዬ ሰምቻለሁ!» አሏት። አስካለ ዞር ብላ አየችኝ። ከምሰሶው ኋላ ቆሜ ነበር። ደብዳቤውን ከብብቷ አውጥታ ለሰው ሁሉ ታሳያለች ብዬ ምሰሶውን አቀፍኩት። ረጅም ጊዜ አየችኝ፣ ወይም ለእኔ ረጅም መሰለኝ፤ ከዚያ ወደ እሳቸው ተመልሳ «ሥራ ይዞኝ ነው» አለች። እኔም ልቤ መለስ አለችና፣ ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል፣ ደስ አለኝ።

ያን «ሥራ ይዞኝ ነው» ዕድሜዋን ሙሉ ከፈለችበት። የእናታችን አርባ ዕለት አባቴ፣ ቁጡ ሰው ሳይሆኑ፣ ሐዘን አፋቸውን ከፍቶት «የሰው እናት ስታዋልጂ የራስሽ እናት አመለጠችሽ» አሏት፤ እሷም ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ከእነሱ የነበረኝ ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። አባባ፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ለብዕር ወለምታ ግን ተረት እንኳ አላገኘሁለትም። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ከእሷ ጋር እንደ ድሮው አልተጫወቱም፤ ስትመጣ በር ላይ ጠበል መርጨቱንም ተዉት፤ ለምን እንደተዉት ማንም አልጠየቃቸውም።

ሕፃኑን ካሳ አሉት። አስካለ የሦስት ወር ልጅ አቅፋ፣ የዱቄት ወተት ሸክፋ፣ በአያ ደሴ ማኪና ይዛው ወረደች፤ ሳታገባ ዛሪማ አርጅታ ዛሪማ ሞተች። ሰው «ሲስተር፣ ሲስተር» ሲላት እየሰማ ያደገው ካሳም እናት ያደረጋትን ሴት «ሲስተር» ብሎ ነው የሚጠራት። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቃሉን በትክክል የተጠቀመው እሱ ብቻ መሆኑን ሳያውቅ።

ዛሪማ ውስጥ አንድ የታወቀ ቀልድ ነበር፤ «ሲስተርን ለጠላ ብትጠራት ቦርሳዋን ይዛ ትመጣለች» ይላሉ። እውነት ነው፤ አይቻለሁ። ለክርስትናም፣ ለሠርግም፣ ለማኅበርም ቦርሳዋን ሳትይዝ ከቤቷ አትወጣም። እንግዳ መጥቶብናል ብለው ከላኩባት ትሮጣለች፤ ላም ጠፍታብናል ያሉም እንደሆነ ትሮጣለች። አንድ ጊዜ የእውነት ላም የጠፋችበት ገበሬ ቤት በቀትር ፀሐይ ሁለት ሰዓት ተጉዛ ደርሳ፣ ሚስቱ ጎልማሳ ወንዶች ልጆች ያሏት፣ መውለድ ከተወች የቆየች አሮጊት ሆና አገኘቻት፤ አገር ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ነፍሰ ጡሮቹን ሰብስባ ስታስተምርም «ምጥ በሉ! ስሙ ምጥ ነው፤ ሌላ ስም አታውጡለት። ስትልኩብኝ ምጥ ብላችሁ ላኩብኝ» ትላቸው ነበር። ቄሶቹ ነውር ነው ብለው ከሰሷት፤ አልሰማቻቸውም። ምክንያቱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም ብሆን አላውቅም እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ምናልባት ከ«ኛ»ው መቅረት ልብ አላለችም ይሆናል፣ ምናልባት እውነትም ሥራ ይዟት ይሆናል እያልኩ።

ያጣሁትን ልቁጠር ብዬ አንዳንዴ እቀመጣለሁ። እናት አጥቻለሁ፤ ግን እናትማ ብዙ ሰው ያጣል። አባቴ የሚወዷትን ልጅ አጥተው ሞቱ። ካሳ የእናቱን ድምፅ አንድ ቀን ሳይሰማ ሸበተ። እኔ ደግሞ አስካለን በቁሟ አጣኋት፤ በየዓመቱ ስትመጣ ጎኗ እተኛለሁ፣ ፀጉሬን ትነካካለች፣ ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፣ በመካከላችን ግን ሁልጊዜ ያልተነገረው ነገር አለ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ባለፈው ክረምት እዚህ ጎንደር ሆስፒታል ተኝታ ሳለች እንኳ እጇን ይዤ አፌን ከፍቼ ነበር፤ «ደክሞሻል፣ እቤት ሂጂና ተኚ» አለችኝ፤ እሺ ብዬ ሄድኩ። በማግሥቱ ወደ ዛሪማዋ መለሷት፤ ያ እሺ የመጨረሻው ሆነ።

ከቦርሳው ውስጥ መቀሱን አወጣሁ፣ ክሩን አወጣሁ፣ ምልክቱ የጠፋ ብልቃጥ አወጣሁ። በውስጠኛው ኪስ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ አራት ጊዜ የታጠፈ የደብተር ወረቀት አለ። ገና ሳልዘረጋው አወቅሁት። ቀለሙ ወይቧል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጽሕፈት ነው፤ ሰላምታው ግማሹን ገጽ ይዟል። ከታች «ማርያም ቀርባ» የሚለው ጋ ስደርስ፣ ከ«ባ» እና ከ«ለ» መካከል ከፍ ብላ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በየሕመምተኛው ካርድ ላይ በማውቀው በእህቴ ደቃቅ ጽሕፈት፣ አንዲት «ኛ» ገብታለች። ቆቧን ደፍታ። መቼ እንደጻፈቻት አላውቅም፤ ያን ጊዜውኑ ይሁን፣ ካሳ ጥርስ ሲያወጣ ይሁን፣ አባቴ በሞቱ ሰሞን ይሁን። እንደ አስተማሪ በቀይ አላሰመረችብኝም። የጎደለውን ሞልታ አጥፋ አስቀመጠችው፤ ያ ብቻ ነው።

ካሳ ጠጋ አለኝ። «ምንድን ነው እሱ? እስቲ አንብቢልኝ እቴ፣ የእኔን ዓይን እንደሆነ ሞራ ጋርዶታል» አለኝ።

እናቴም እንዲሁ ነበር ያለችው። ያን ቀን የሌለውን አነበብኩ፤ አሁን ግን «ኛ»ዋ ተጽፋለች፣ ያለውን አነበብኩለት፤ «ማርያም ቀርባኛለችና እንዳትቀሪ።»

ካሳ ዕድሜዋን ሙሉ ስታዋልድ በኖረች ሴት ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ቃሉን ለማስረዳት ከእኔ ምንም አልፈለገም። «እናታችን ናት? በእኔ ናት?» አለ። ራሴን ነቀነቅኩለት። እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን በጣቱ ዳሰሰው፣ ቀለሙን የሚያገኘው ይመስል።

«የማን ጽሕፈት ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነው» አልኩት፤ «አንዲት ፊደል ስትቀር።»